እናት መናገር ሲያቅታት፦ በሆስፒታል የምንሠራቸው ስህተቶች

እናት ስትሮክ መቷት መተንፈሻ ማሽን ላይ ናት። ሐኪሙ ልጆቿን ሰብስቦ «መናገር ብትችል ኖሮ ምን ትል ነበር?» ይላል። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ጠይቋት የሚያውቅ የለም። እኛ አሜሪካ የምንኖር ሐበሾች እዚህ ጥያቄ ላይ የምንደርሰው ሳንዘጋጅ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

«ሟርት አታውሪ!» ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል። እናት ቡና ላይ «እኔን ማሽን ላይ እንዳታስቀሩኝ» ብላ ስትጀምር፣ «ኧረ እማዬ፣ ገና የልጅ ልጅ ትድሪያለሽ!» ብለን አፏን እናስይዛታለን። በፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን በኋላ ሕግ የሚፈልገው ያቺኑ ንግግር ነው።

ናንሲ ክሩዛን በ1983 ሚዙሪ ውስጥ በመኪና አደጋ ራሷን ሳተች፤ አልነቃችም። ወላጆቿ የመመገቢያ ቱቦው ይነሳላት አሉ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1990 ፍርድ ቤቱ፣ ግዛቱ ስለ ራሷ ፍላጎት ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ መጠየቅ ይችላል አለ። ቱቦው የተነሳው ጓደኞቿ ቀርበው፣ በጤናዋ ጊዜ የነገረቻቸውን ከመሰከሩ በኋላ ነው። የተራ ጨዋታ ወሬ ነበር የመሰከሩት። ስለዚህ እናታችሁ ስትጀምር አታቋርጧት። «እሺ፣ ከዚያስ?» በሏት።

«ታላቁ እኔ ነኝ፣ እኔ እወስናለሁ»

ሕጉ ታላቅነትን አያውቅም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በጽሑፍ የተሰየመ ወኪል ከሌለ የትዳር ጓደኛ ከልጆች ይቀድማል፤ ልጆች ደግሞ እኩል ናቸው። ፍሎሪዳ ውስጥ ቴሪ ሻይቮ የምትባል ሴት በ1990 ራሷን ስታ ስትወድቅ፣ ስለ ሕክምናዋ የጻፈችው ነገር አልነበረም። ባሏና ወላጆቿ የመመገቢያ ቱቦዋ ይነሳ አይነሳ በሚል ዓመታት ተካሰሱ፤ ቱቦው ተነስቶ ያረፈችው በ2005 ነው።

ለባንክና ለቤት የተሰጠ ውክልናም ለሕክምና አያገለግልም። የሕክምናው ወረቀት ለብቻው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ምስክር ይበቃል፣ ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) አያስፈልግም። ወኪሉ ራሱ ግን ምስክር መሆን አይችልም።

«ከማሽን ማንሳት መግደል ነው»

ይሄ የሕሊና ጥያቄ ስለሆነ ማንንም አልቆጣም። የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን ማማከር ተገቢ ነው። ሕጉ ግን ሕክምናን ማቆምን ከመግደል ይለያል። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976፣ ራሷን የሳተች ካረን ክዊንላን የምትባል ወጣት መተንፈሻ ማሽኑ እንዲነሳላት ፈቀደ። ተነሳ። ካረን በራሷ እየተነፈሰች እስከ 1985 ኖረች።

አንድ ነገር ለዩ፤ የአንጎል ሞት (አንጎል ላይመለስ ሙሉ በሙሉ ሥራውን ሲያቆም) በሕግ ሞት ነው፣ ኮማ (ራስን ስቶ መቆየት) ግን አይደለም። ሐኪሙን «የትኛው ነው?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። ገና ተስፋ ካለም ተቻኩሎ መወሰን አያስፈልግም። «ለጥቂት ቀን ሞክረን እንየው» ማለት ይቻላል።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

ሐኪሙ «አይድኑም» ሲል ልጁ ለአባቱ «ትንሽ ከበድ ብሏታል» ይላል። ምን ያድርግ? እናቱ ናት። አባት ግን የሚወስነው በዚያች ቃል ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በስልክም ቢሆን ያመጣሉ። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ነርሷን «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሏት።