የጅረት ሙላት ምን ያህል ነው፣ በስንት ዓመትስ ይመጣል? በገመድና በካልኩሌተር የሚሠራ ግምት

በጥር ለክተን የሠራነው የባህር ዛፍ ድልድይ ነሐሴ ላይ ሄደ። ሦስት ግንድ፣ ሁለት ቀን ሥራ፣ አንድ ሌሊት ዝናብ። ግንዱ ምንም ጥፋት የለበትም። በበጋ ተዘልላ የምትታለፈውን ጅረት አይተን ነው የለካነው። ከጎጃሙ የጮቄ ተራራ የሚወርዱት እነ ጨሞጋና ሙጋ እንኳ በጥርና በነሐሴ አንድ ወንዝ አይመስሉም፤ ትናንሽ ገባሮቻቸውማ ጭራሽ።

እናም ጅረት ዳር ድልድይ፣ ፓምፕ ወይም ቤት ካሰባችሁ መጀመሪያ የሙላቱን ልክ እወቁ። ሜትር፣ ገመድ፣ ግንበኞች የሚጠቀሙበት የውሃ ልክ ቱቦና የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

ከመስቀል በኋላ ውረዱ። ውሃው ጎድሏል፣ ምልክቱ ግን ገና አልጠፋም። በግንድ ላይ የደረቀ የጭቃ መስመር፣ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ ፈልጉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቁጥቋጦ በጎርፍ ጊዜ ይተኛል፣ ውሃው ሲያልፍ ቀና ይላል። ገለባው ትከሻችሁ ጋ ቢሆን ውሃው እዚያ ደርሷል ማለት ላይሆን ይችላል። ወፍራም ግንድን እመኑ፤ እሱንም ከጎኑ እዩት። ውሃው ፊት ለፊት የሚመታው በኩል ይቆለላል።

ቀጥ ያለ 30 ሜትር ምረጡ። በሁለቱም ጫፍ ያለውን ምልክት በቱቦው አነጻጽሩ። የታችኛው በ30 ሳንቲ ዝቅ ካለ ቁልቁለቱ 0.01 ነው። ከዚያ ገመዱን በምልክቱ ከፍታ ከዳር ዳር ወጥሩና ጥልቀቱን በየሜትሩ ለኩ።

ስፋቱ 8 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ቢሆን ስፋት በጥልቀት 12 ካሬ ሜትር ይሆናል። ውሃው የሚነካው ወለልና ግድግዳ 11 ሜትር ያህል ነው። 12 ለ11 ሲካፈል 1.09። ይህን በራሱ አባዙና ኪዩብ ሩቱን ውሰዱ፦ 1.06። በቁልቁለቱ ስኩዌር ሩት፣ በ0.1፣ አባዙ። ከዚያ በወለሉ ሸካራነት ቁጥር አካፍሉ፤ ድንጋይ ለበዛበት ጅረት 0.05 ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 2.1 ሜትር ገደማ ነው። በ12 ሲባዛ በሰከንድ 25 ሜትር ኪዩብ ይወጣል። ቀመሩ የአየርላንዳዊው መሐንዲስ የማኒንግ ነው። በ0.05 ፋንታ 0.04 ብትሉ ወደ 32 ይዘላል፤ ስለዚህ መልሱን እንደ ግምት ያዙት።

በስንት ዓመት ይመጣል ለሚለው ሽማግሌ ጠይቁ። ዓመተ ምሕረቱን ላይነግሯችሁ ይችላሉ፤ «ደርግ የወደቀ ክረምት» ካሉ ግን 1983 ነው። ወንዙ ድረስ ይዛችኋቸው ውረዱና በእጃቸው ያሳዩ። ሁለት ሰው ለየብቻ ጠይቁ፤ አብረው ከሆኑ ውሃው ከፍ እያለ ይሄዳል።

ለምሳሌ የ24 ዓመት ትዝታ ካገኛችሁ ሙላቶቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩ፤ በዓመቱ ላይ 1 ጨምሩና በየሙላቱ ተራ ቁጥር አካፍሉ። ትልቁ የ25 ዓመት፣ ሁለተኛው የ12 ዓመት ተኩል፣ ሦስተኛው የ8 ዓመት ገደማ ሙላት ነው። ትናንሾቹ ቢረሱም ችግር የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የ25 ዓመት ሙላት ዘንድሮ መጣ ማለት ለ25 ዓመት እፎይ ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 4 በመቶ ነው፤ ለከርሞም ያው 4።

በሙላት ጊዜ ገብታችሁ አትለኩ። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ጮቄ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ደራሽ ደግሞ ግንድም ይዞ ይመጣል፤ ከምልክቱ በላይ ክፍት ቦታ ተዉ።

ሁለተኛው ድልድያችን ከጭቃው መስመር አንድ ሜትር ከፍ ብሏል። ደረጃ መውጣት ግድ ሆነ፤ እንስራ የሚሸከሙት እናቶች እስካሁን ያማርሩናል።