ቴሌግራም ላይ ያያችሁትን ስልክ ብር ከመላካችሁ በፊት እንዴት ታጣራላችሁ?

ሐዋሳ ውስጥ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ወርደን ዓሣ ስንገዛ ስንጥቡን ገልጠን ቅላቱን ሳናይ አንከፍልም። ያው ዓሣ መራጭ ማታ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ በፎቶ ብቻ ላየው ስልክ ቀብድ ይልካል። እኔም ልኬ አውቃለሁ። ሻጩ "ፒያሳ ሱቅ አለኝ" ብሎኝ ነበር፤ የሐዋሳን ፒያሳ በባጃጅ ሁለቴ ዞርኩት፣ ሱቁ የለም። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይኸውላችሁ።

መጀመሪያ ፎቶውን። ስልካችሁ ላይ አስቀምጡትና ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ሌላ የት እንዳለ በሚፈልገው ጉግል ሌንስ ክፈቱት፤ ቲንአይ የሚባለው ድረ ገጽም ይሠራል። ፎቶው የሌላ አገር ሱቅ ላይ ከተገኘ ሻጩ ዕቃውን አይቶትም ላያውቅ ይችላል። ምንም አልተገኘም ማለት ግን ሰውየው ታማኝ ነው ማለት አይደለም፤ ቴሌግራም ውስጥ ብቻ የሚዞር ፎቶ እዚያ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ የዛሬውን ቀንና የእናንተን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ከስልኩ ጎን አድርጎ ቪዲዮ እንዲቀርጽላችሁ ጠይቁት። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የተቆጣ ካለ ተዉት።

ሱቅ አለኝ ካለ የንግድ ፈቃዱን ፎቶ ሳይሆን ቲን ቁጥሩን (የግብር ከፋይ መለያውን) ተቀበሉ፤ 10 አሃዝ ነው። የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢትሬድ በሚባለው ድረ ገጹ ላይ ቁጥሩን አስገብታችሁ ፈቃዱን ማየት ትችላላችሁ። እዚያ የወጣው ስም ብር ላኩበት ከተባለው አካውንት ስም ጋር ይገጥማል? ካልገጠመ "የወንድሜ አካውንት ነው" የሚለው መልስ አይበቃም።

በወሬያችሁ መሃል ሊንክ ከላከላችሁ ሳትከፍቱት ኮፒ አድርጋችሁ፣ አደገኛ ሊንክና ፋይል የሚፈትሸው ቫይረስቶታል የሚባል ድረ ገጽ ላይ ለጥፉት። የግል ሰነዳችሁን ግን እዚያ አትጫኑ፤ የተጫነ ፋይል ሌሎችም ሊያዩት ይችላሉ።

ስትገናኙ በቀን፣ ሰው የሚበዛበት ካፌ ይሁን። ስልኩ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ደውሉ፤ 15 አሃዝ ያለው የአይ ኤም ኢ አይ ቁጥር፣ ማለትም የስልኩ መለያ፣ ይወጣል (ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ሁለት)። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። አይፎን ከሆነ ሻጩ እፊታችሁ ከአይክላውዱ (ስልኩ ከታሰረበት የአፕል አካውንቱ) ይውጣ፤ አለዚያ ስልኩ ሊቆለፍባችሁ ስለሚችል ውድ የመስታወት ቁራጭ ነው የገዛችሁት።

ክፍያው ዕቃው እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው። ሻጩ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ የደረሰኝ ስክሪንሾት አትመኑ። እሱን ሠርቶ መላክ ቀላል ነው። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ያም ሆኖ አፑን ራሳችሁ ከፍታችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። የይለፍ ቁጥርም ሆነ በኤስኤምኤስ የደረሳችሁን ኮድ የሚጠይቅ ሰው፣ ከየትም ነኝ ቢል፣ ስልኩን ዝጉበት።

ብሩ ከሄደ በኋላ ከባነናችሁ ከስድብ በፊት ስክሪንሾት አንሱ። ቴሌግራም ላይ ሻጩ ጭውውቱን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ስድባችሁን ሲያነብ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። የተጠቃሚ ስሙን፣ የአካውንት ቁጥሩንና የዝውውር ቁጥሩን ይዛችሁ ያኔውኑ ባንካችሁ ደውሉ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ።