የቫልቭ ክዳን ጋስኬት በቤት እንዴት ይቀየራል?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስወጣ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና ነው ብዬ አለፍኩት። ደሴ ገብቼ ኮፈኑን ስከፍት ጉዱ የኔው ነበር። የሞተሩን አናት ከሚሸፍነው የቫልቭ ክዳን ጠርዝ የወረደ ዘይት ጭስ ማውጫው ላይ ይጠበሳል። ዘይቱን የሚያግደው ጋስኬት ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ቀጭ ይላል።

በአሮጌ ኮሮላ ሥራው ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ዕቃ ስትገዙ የካንዴላ ጉድጓዶቹን ክብ ጎማዎችም ጨምሩ። ካንዴላው ዘይት ውስጥ ቆሞ ካገኛችሁት ጥፋተኞቹ እነሱ ናቸው። ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ያንን ዘይት በጨርቅ ምጠጡት፤ አለዚያ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። የካንዴላ ገመዶቹን ፎቶ አንሱና አውጡ፤ ክዳኑ ላይ የተሰካውን የጎማ ቱቦም በቀስታ፣ ካረጀ ይሰነጠቃል። በክዳኑ ዙሪያ ያለውን አቧራ ጥረጉና ብሎኖቹን ፍቱ። ክዳኑ እምቢ ካለ ጎኑን በመዳፍ መታ መታ አድርጉት። ካቻቢቴ ሰክቶ መፈልቀቅ የሚወድ አለ፤ አሉሚኒየሙ ከተጫረ ግን አዲሱም ጋስኬት ያንጠባጥባል።

አሁን ጽዳት። ካምሻፍቱን፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ፍርፋሪ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። የድሮውን ሲሊኮን (የማሸጊያ ሙጫ) የምልገው በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ነው፤ ቢላዋ አልወድም። ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጥረጉና ጠርዙን በጥፍራችሁ ሂዱበት። ጥፍር ከያዘው ገና ነው። ቤንዚን ስትይዙ ሲጋራም የቡናው ከሰልም ራቅ ይበል።

የመጀመሪያው ጊዜ እኔ ዙሪያውን በሙሉ ሲሊኮን ቀባሁ፣ ብሎኑንም በሙሉ ጉልበቴ ጠመዘዝኩ። ቀጭ አለ። ብሎኑ እዚያው ውስጥ ተቆርጦ ቀረ። ያወጡልኝ አዛውንት መካኒክ፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የጎማ ብሎን አይደለም» አሉኝ። ተርፎ ወደ ውስጥ የተጨመቀውን ሲሊኮንም በጣታቸው ለቅመው አሳዩኝ፤ ተቆርጦ ቢወድቅ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል።

ስለዚህ የጎማ ጋስኬት በደረቁ ክዳኑ ቦይ ውስጥ ይቀመጣል። ሲሊኮን የሚነካው ማዕዘኖቹን ብቻ ነው፣ የካምሻፍቱ መያዣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የሚገናኝበትን፤ የምስር ፍሬ ታህል ይበቃል። ብሎኖቹን በእጅ አስገቡ፤ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር አጥብቁ። በብዙ ትንንሽ መኪኖች ልኩ ከ10 ኒውተን ሜትር ብዙ አይርቅም፤ የመኪናችሁን መመሪያ እዩ። ጥብቀቱን የሚለካውን ቶርክ ቁልፍ ተውሳችሁም ቢሆን ያዙ።

ሲሊኮኑ ይድረቅ፤ በደሴ ብርድ እኔ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ገመዶቹን፣ ቱቦውንና የባትሪውን ኔጌቲቭ መልሳችሁ አስነሱና ጠርዙን በእጅ ባትሪ እዩ። ጭስ ማውጫው ላይ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ትንሽ ይሸታል፤ አብሽሩ። ጠርዙ ደረቅ ከሆነ ሐረጎን ውጡ፣ አናቱ ላይ ቁሙና ኮፈኑን አንድ ጊዜ ክፈቱ።