ከጎጀብ እስከ ግልገል ጊቤ ሐይቅ፦ ለካያክና ለጀልባ ቀዛፊ የላይፍ ጃኬት አመራረጥ

ባለ 5 ሊትር ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ይዝጉና በርሜል ውሃ ውስጥ ወደ ታች ይጫኑት። እጅዎን መልሶ የሚገፋው ኃይል ወደ 50 ኒውተን ይጠጋል፤ ይህም 5 ኪሎ ገደማ የመሸከም አቅም ነው። ለካያክ፣ ማለትም ተቀምጠው ለሚቀዝፉት ጠባብ ጀልባ፣ የሚለበስ አንድ የአዋቂ ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) የሚሰጠውም ይህንኑ ያህል ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ጭንቅላቱን ከላይ ለማቆየት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ተኩል የሚሆን ድጋፍ ይበቃዋል።

ታዲያ ጀሪካኑን ወገብ ላይ አስሮ መግባት ለምን አይሆንም? ጀሪካን የሚያነሳው ወገብን ነው፤ ወገብ ሲነሳ ደግሞ ፊት ወደ ውሃው ይደፋል። ጃኬት መንሳፈፊያውን ደረት ላይ ስለሚያከማች ራሱን የሚያውቅ ሰው በጀርባው እንዲንጋለል ያግዘዋል፤ ሁለት እጁም ነፃ ይሆናል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው። መቅደም ያለበት ግን ልኩ ነው። 100 ኒውተን የተጻፈበት ጃኬት ሰፊ ከሆነ ውሃ ሲገቡ እሱ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል፤ እርስዎ ከሥሩ ይቀራሉ። የአዋቂ ልክ የሚወሰደው በደረት ዙሪያ ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር በብብት ሥር አዙረው፣ ለመቅዘፍ የሚለብሱትን ልብስ እንደለበሱ ይለኩ። የልጅ ልክ ግን በክብደት ነው። ለልጅ ጫማ ሲገዛ «ያድግበታል» ተብሎ ሰፋ ያለ ይወሰዳል፤ በጃኬት ይህን ፈጽሞ አያድርጉ።

ሲለኩት እንዲህ ነው። ማሰሪያዎቹን በሙሉ ያላሉና ይልበሱት፣ ዚፑን ይዝጉ። ከወገብ ጀምረው ወደ ላይ እያጠበቁ ይምጡ፤ የትከሻው መጨረሻ ይሁን። ትከሻውን ካስቀደሙ ጃኬቱ ሽቅብ ይሰቀልና የወገቡ ማሰሪያ የጎድን አጥንት ላይ ያርፋል። ማረፍ ያለበት ከጎድን አጥንት በታች ነው፤ ጃኬቱ ወደ ላይ እንዳይሸሽ የሚይዘው እሱ ነውና። ከዚያ ሌላ ሰው ከኋላ ቆሞ ሁለቱን ትከሻዎች ይዞ በኃይል ወደ ላይ ይሳብ። ጃኬቱ ጆሮና አፍንጫ ጋ ከደረሰ አንድ ልክ ዝቅ ይበሉ፤ በረጅሙ ሲተነፍሱ ከጨነቀዎት ደግሞ ከፍ ይበሉ።

ቀጥሎ ወለል ላይ እግር ዘርግተው ይቀመጡና መጥረጊያ እንጨት እንደ መቅዘፊያ ይዘው 30 ጊዜ ያህል ግራና ቀኝ ይቅዘፉ። ብብትዎን የሚፈትግ ከሆነ ሁለት ሰዓት ውሃ ላይ አይታገሡትም፤ ማሰሪያውን ይፈታሉ ወይም አውልቀው ጀልባ ውስጥ ይጥሉታል። የካያክዎ መቀመጫ ጀርባው ከፍ ያለ ከሆነ የጃኬቱ የጀርባ ስፖንጅ ከላይ ብቻ ሆኖ ታችኛው ክፍል ስስ መሆን አለበት። አለበለዚያ በተቀመጡ ቁጥር መቀመጫው ጃኬቱን ወደ አገጭዎ ይገፋዋል። የመጨረሻው ፈተና ደረት በሚደርስ የረጋ ውሃ ውስጥ፣ ሰው አጠገብዎ ቆሞ፣ እግርዎን አንስተው መንጋለል ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከውስጥ በኩል ባለው ምልክት ላይ ቁጥርና የእንግሊዝኛው ኤን ፊደል ይገኛል። 50 የሚለው ዋና ለሚችልና ረዳት ቅርብ ላለው ሰው ነው። ዋና የማይችል ሰው በረጋ ውሃም ቢሆን 100 ይልበስ። 150 ለሰፊ ባሕር የታሰበ ነው፤ የስፖንጅ ከሆነ ውፍረቱ ክንድ ስለሚይዝ ለመቅዘፍ አይመችም። በነጭ አረፋ በሚፈላ ወንዝ ለሚወርድ ደግሞ 50 ያንሳል፤ አረፋ ውስጥ ያለው አየር ውሃውን ስለሚያቀለው ሰውን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ለእንዲህ ያለ ወንዝ 70 እና ከዚያ በላይ ይፈልጉ።

ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲሄዱ የሚሻገሩት ጎጀብና በአዲስ አበባ መንገድ በኩል ያለው የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ አንድ ዓይነት ጃኬት አይጠይቁም። በወንዝ ላይ ጠላትዎ ውሃው ውስጥ የወደቀ ዛፍ ነው። የተንጠለጠለ ማሰሪያ፣ የጎላ ኪስ፣ የተቋጠረ ገመድ ሁሉ ቅርንጫፍ ይይዘዋልና ትርፍ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ ይወትፉ። ገመድ ማሰሪያ ቀለበት ከጀርባው ያለው፣ ሌላውን ሰው ለማዳን የሚለበሰው ጃኬት ሥልጠና ለወሰደ ሰው ብቻ ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ደፍርሶ ሲወርድ ግን የትኛውም ጃኬት ለመግባት ምክንያት አይሆንም። አዞና ጉማሬ ባለበት ውሃም ጃኬት ከመስጠም እንጂ ከእነሱ አያድንም።

ሐይቁ ላይ ፍላጎቱ ወደ ባሕር ይቀርባል፦ ነፋስ ከዳርቻ አርቆ ሊወስድዎ ይችላል። ስለዚህ ክንድ የማይዝ ሰፊ የእጅጌ ቀዳዳ፣ ፊሽካና ስልክ በውሃ መከላከያ ከረጢት የሚገባበት ኪስ ይኑረው። ስልኩ ከጀልባው ጋር ሳይሆን ከጃኬቱ ጋር ይታሰር። ቀለሙ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይሁን፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ውሃ ላይ ይጠፋሉ። ጅቡቲ ወርዶ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ለሚቀዝፍም ይኸው ነው፤ ትከሻው ላይ አንጸባራቂ ጨርቅ ይጨመርበት፣ ከባሕር ሲወጡም ጨው ዚፑን እንዳይበላው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።

በጋዝ የሚነፋውን ለካያክ አንመክርም። በራሱ የሚነፋው ዓይነት በውሃ ፍንጣቂ ሳይፈለግ ሊነፋ ይችላል፤ በእጅ የሚሳበው ደግሞ ጭንቅላቱን የተመታን ሰው አያድንም። አንዴ ከተነፋ አዲስ የጋዝ ጠርሙስ ይፈልጋል።

ያገለገለ ሲገዙ ጨርቁን በሁለት እጅ ይሳቡት፤ ፀሐይ የበላው ስፌቱ ላይ ይተረተራል። ስፖንጁን በጣት ይጫኑ፤ ካልተመለሰ ወይም ከተንኮሻኮሸ ይተዉት። ምልክቱ 50 ለሚል ትልቅ የአዋቂ ጃኬት አስተማማኝ መፈተኛ አለ። በቡና ሚዛን 7 ኪሎ ቀዳዳ የሌለው ጥቁር ድንጋይ መዝነው ከሥሩ ይሰሩበትና በርሜል ውሃ ውስጥ ይልቀቁት። ድንጋዩ ውሃ ውስጥ 4 ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ስለሚከብድ ደህና ጃኬት ይሸከመዋል። እስከ ጠዋት ይተዉት፤ ከሰጠመ ስፖንጁ ውሃ ጠጥቷል ወይም ተሟጥጧል።

ለልጅ ሲሆን በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያና ጭንቅላት የሚደግፍ ኮሌታ ያለው ይግዙ፤ የልጅ ትከሻ ጠባብ ነውና ያለ እግር ማሰሪያው ሾልኮ ይወጣል።

ቤት ሲገባ ጥላ ሥር ይሰቀል። እሳት ዳር ወይም ትኩስ ቆርቆሮ ላይ ማድረቅ ስፖንጁን ያኮማትረዋል፤ በረኪና ክሩን ይበላዋል። አይቀመጡበት፣ ከጆንያም ሥር አያስቀምጡት፤ የተጨፈለቀ ስፖንጅ አየሩን ካጣ አይመለስም።