የሙዚየም ኃላፊን ቢሮ ማስተባበር ሐረር ላይ እንዴት ይሠራል?

የሥራ መደቡ ብዙ ስም አለው። ኤክስኪዩቲቭ ሴክሬታሪ ይሉታል፣ የጽሕፈት ቤት አስተባባሪ ይሉታል። ሥራው ግን ያው ነው፤ ሰውየው፣ ወረቀቱና ቀኑ አንድ ቦታ እንዲገናኙ ማድረግ። ሐረር ላይ ከሦስቱ ራስ የሚያዞረው ቀኑ ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

በመጀመሪያ የምትሠሩት የመንግሥት ሙዚየም ውስጥ መሆኑን አትርሱ። የግል ስብስብ ሲሆን ባለቤቱ ካለ አለ ነው። ከተማችን ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም እንኳ በአንድ ሰው ስብስብ የተጀመረ ነው። በመንግሥት ሙዚየም ግን አንድ የመስታወት ሳጥን ከክፍል ወደ ክፍል ለማዘዋወርም ወረቀት ሊያስፈልግ ይችላል። አቦ፣ አትናደዱ። ነገ ኦዲተር ሲመጣ የሚያድናችሁ ያ ወረቀት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብቡ። ከዚያ ከመዝገብ ቤት ሠራተኛዋና ከሹፌሩ ጋር ተዋወቁ። ከኃላፊው ቀጥሎ ሥራችሁን የሚያቀልሉት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ደብዳቤ። ገቢው በቁጥር ይመዘገባል፣ ወጪውም እንዲሁ፣ ይሄ ግልጽ ነው። የሚያስቸግረው ኃላፊው ሲመራው ነው። ጠርዙ ላይ «ይታይ» ብሎ ይፈርምና ወደ እናንተ ይመልሰዋል። ማን ይየው? እስከ መቼ? እዚያው ቆማችሁ ጠይቁ። «ይታይ» የተባለ ደብዳቤ ማንም ሳያየው ወር ይሞላዋል። ሌላው የማዕረግ ጉዳይ ነው። የእኛ አገር ሰው ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» ማለት ይቀናዋል፣ ቅርም አይለውም። በደብዳቤ ላይ ግን «ሀጂ»፣ «ሼህ» ወይም «ዶክተር» ቀርታ ከሄደች ሰውየው ኤግዚቢሽን መክፈቻው ላይ አይመጣም። ለምን እንደቀረም አይነግራችሁም። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ መሆናቸውንም አስቡና ለማን በምን ቋንቋ እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ ለዩ።

አሁን ወደ ቀኑ።

እኛ የምንኖረው በሦስት ካላንደርና በሁለት ሰዓት ነው። በጀቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭ እንግዳው በፈረንጅ፣ ከተማው ደግሞ በሂጅራ። 10/09/2017 ብላችሁ የላካችሁትን ቀን አዲስ አበባ ያለው ሰው ግንቦት 10 ብሎ ያነበዋል። ፓሪስ ያለው ሴፕቴምበር 10 ይለዋል፣ አሜሪካ ያለው ኦክቶበር 9። ሁሉም እንደ አገሩ ትክክል ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወርን በቁጥር አትጻፉ። «እሑድ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. (ሜይ 18 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.)» ብላችሁ ጻፉ። የሳምንቱን ቀን ማስገባት ትርፍ ነገር ይመስላል፣ ግን ስህተት የሚያጋልጠው እሱ ነው። ሁለቱ ቀኖች እኩል እሑድ ላይ ካልዋሉ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

የቀን መቀየሪያ አፕ ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። በልምድ ከጭንቅላታችሁ የምታሰሉ ከሆነ ግን ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት ተጠንቀቁ። በ2019 ጳጉሜን 6 ስለምትሆን መስከረም 1 ቀን 2020 የሚውለው እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 (2027 እ.ኤ.አ.) ነው። ያ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት 21 ይዘልቃል። በእነዚያ ወራት ሆቴል ስትይዙ አንድ ሌሊት ጎድሎ እንግዳ ሜዳ ላይ እንዳይቀር።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «9 ሰዓት» ስትሉ የውጩ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጥቶ በር ላይ ይቆማል። ሁለቱንም ጻፉ። ከዚህ የባሰው የሌሊት በረራ ነው። ቲኬቱ ላይ ማክሰኞ 1:30 ኤኤም የሚለው ለእኛ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7:30 ነው። ለሹፌር «ማክሰኞ ሌሊት» ብቻ ካላችሁት በማግስቱ ሌሊት ሊሄድ ይችላል። «ሰኞ ማታ እራትህን በልተህ ትነሳለህ» በሉት፣ አለቀ።

ሂጅራው በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት ዕቅድ ገልብጦ መለጠፍ አያዋጣም። ረመዳን ላይ የምሳ ስብሰባ አይጠራም። መክፈቻ ካለ ከኢፍጣር (ከጾም መፍቻው) በኋላ ይሁን። ኢድ በጨረቃ ስለሚወሰን ከፊቱም ከኋላውም አንድ አንድ ቀን ባዶ ተዉለት። የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ ደግሞ ከኢድ አል ፈጥር በኋላ የሸዋል ወር የ6 ቀን ጾም ሲያበቃ ይመጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳ ስለሚጠበቅበት በዚያ ሳምንት ኃላፊያችሁን ለሌላ ጉዳይ አታስይዙት። ዓርብ የመንግሥት ቢሮ የምሳ ዕረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። ሐረር ላይ ዓርብ 5 ሰዓት ስብሰባ የሚጠራ ሰው ብቻውን ይሰበሰባል። ረቡዕና ዓርብ መስተንግዶ ካለ የጾም ምግብ ይኑር።

በጀት ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። የዓለም የሙዚየም ቀን ግንቦት 10 ነው፣ ማለትም ካዝናው ሊዘጋ ሲል። ስለዚህ የባነሩ፣ የመብራቱና የህትመቱ ፕሮፎርማ በጊዜ ይሰብሰብ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የገባ የግዥ ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት የሚደርስ ይመስለኛል። ግንቦት ላይ ግዥ ክፍልን መለማመጥ ጉልበት መጨረስ ነው።

እንግዳና ዕቃ ማጓጓዝ አንድ ላይ ይታሰቡ። ኤርፖርቱ ያለው ድሬዳዋ ነው። ግብዣው ላይ ይህን ጻፉ፣ ሐረር የሚያርፍ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይቀረዋል። ሙዚየሙ ጁገል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ ከሆነ የሳጥኑን ስፋት ከመንገዱ ጋር ለኩ። ጭነት መኪና የማይገባበት ቀጭን መንገድ ሞልቷል። ግድግዳ መብሳት ወይም በር ማስፋት ያሰበ ካለ ደግሞ ቦታው ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ መሆኑን አስታውሱትና ወደ ቅርስ ባለሙያዎቹ ምሩት።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልበል። ቅርስ ወይም ሥዕል በእጃችሁ አትቀበሉ። ሰዓሊው ወይም የቤቱ ሽማግሌ ዕቃውን በፌስታል ጠቅልሎ ቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ይመጣል። «እዚህ ጋ ይቀመጥ፣ ነገ እመጣለሁ» ይላል። በፍቅር ነው፣ እምቢ ማለትም ያሳፍራል። ግን ከጠረጴዛችሁ ሥር የገባ ዕቃ ማንም ያላስረከበው፣ ማንም ያልተረከበው ዕቃ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ለኤግዚቢሽን የተዋሰውን የቤተሰብ ዕቃ ያለ ርክክብ ወረቀት አስገብቶ ሲመልስ «ጠርዙ መጀመሪያም የተሰበረ ነበር»፣ «አልነበረም» ሙግት ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያ ሰፈር ማንኪያ እንኳ አላዋሰውም። ስለዚህ ሻይ አዝዙላቸውና እዚያው ቁጭ እንዳሉ ከስብስብ ክፍል ባለሙያ ጥሩ። በሁሉም ጎን ፎቶ ይነሳ። ጭረቱ፣ ቀዳዳው፣ የጎደለው ዶቃ ሳይቀር ይጻፍ። የመመለሻው ቀን ይጻፍ። ሁለቱም ይፈርሙ፣ አንዱ ኮፒ ለባለንብረቱ ይሰጥ።

ስለ መሣሪያ ከጠየቃችሁኝ፣ እኔ የወረቀት አጀንዳ ወገን ነኝ። መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ቢሄድም ይነበባል። የስልኩ ካላንደር ለማስታወሻ ይሁን። ቴሌግራም ግሩፕ ስብሰባ ለማስታወስ ግሩም ነው፣ ውሳኔ ለማስተላለፍ ግን አይሆንም። «እሺ» ብሎ አውራ ጣት የላከ ሁሉ አንብቦታል ማለት አይደለም።

ቃለ ጉባኤ በዚያው ቀን ይጻፍ። ማን ምን ይሠራል፣ እስከ መቼ፣ በቃ። ንግግሩን በሙሉ መገልበጥ አያስፈልግም። ፊርማውን ደግሞ ሰዎቹ ለመስክ ወይም ለፈቃድ ከመውጣታቸው በፊት አሰባስቡ፣ አንድ ፈራሚ ጅጅጋ ከሄደ ወረቀቱ እስኪመለስ ይጠብቀዋል።