የተሰፋ ጅማት አይጎተትም፦ ከአኪለስ ጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ታካሚ ደስ ብሎት መጣ። ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው የአኪለስ ጅማቱ በቀዶ ሕክምና ከተሰፋ 10ኛ ሳምንቱ ነው። «ይመልከቱልኝ» ብሎ ፎጣ በውስጥ እግሩ ሥር አሳለፈና ጫፍና ጫፉን ይዞ ሳበው። የተሰፋው እግር ከጤነኛው ይበልጥ ታጠፈ። እሱ ፈገግ አለ፤ እኔ ክው አልኩ።

እግር ሲገተር ማፍታታት እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። ነገር ግን የተሰፋው ጅማት ገና ለጋ ጠባሳ ነው፤ ሲጎተት ይረዝማል። ግትርነቱ በጊዜው ይለቃል፤ የረዘመ ጅማት ግን ወደ ልኩ አይሰበሰብም። እንደ ላላ ገመድ ይሆንና ባት የቱንም ያህል ቢኮማተር ኃይሉ ተረከዝ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ሰውየው ሜዳውን ይራመዳል፤ ዳገት ላይ እግሩ ይከዳዋል። ይህን የምለው እኔም ስላጠፋሁ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአንዲት እናትን እግር በሁለተኛ ወራቸው «በርቱ» እያልኩ ወደ ላይ እገፋ ነበር። ከዓመት በኋላም በዚያ እግር ብቻ ቆመው ተረከዛቸውን ከመሬት ማንሳት አልቻሉም።

መጎተት ደግሞ በፎጣ ብቻ አይደለም። ቁጢጥ ማለት፣ ዝቅተኛ ዱካ ላይ ሆኖ ቡና ማፍላት፣ ጣትን አጥፎ መስገድ ሁሉም ጅማቱን ይስባሉ። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ወንበር ተጠቀሙ፤ ጸሎት ወንበር ላይም ይደርሳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሚደረገው መከላከያ የመራመጃ ጫማ ውስጥ ያለውን የተረከዝ ድጋፍ ከተባለው ቀን በፊት ማውጣትም ያው ነው።

ሕመሙ ጠፋ ብላችሁ ጅማቱ ጠነከረ አትበሉ። ዳግም መበጠስ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ ሌሊት ያለ ጫማ ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ፣ ታክሲ እንዳያመልጥ ሲሮጡ። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኬቨን ዱራንት እንኳ ይኸው ጅማቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ተበጥሶ ወደ ውድድር የተመለሰው በታኅሣሥ 2020 ነው።

ተረከዝ የማንሳት ልምምድን ጉልበት ዘርግቶ ብቻ መሥራትም አይበቃም። ከባት ጡንቻዎች ውስጠኛው ይበልጥ የሚሠራው ጉልበት ሲታጠፍ ስለሆነ ተቀምጣችሁም ሥሩ። መጀመሪያ ተቀምጦ፣ ቀጥሎ በሁለት እግር ቆሞ፣ በመጨረሻ በአንድ እግር። ቁጥር አትቁጠሩ፤ ከፍታውን እዩ። ጤነኛው ተረከዝ የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ሌላውን በየሳምንቱ አስተያዩት።

ሚዛንን ብዙዎች ይረሱታል፤ ኮብልስቶን ላይ ሲወጡ ያስታውሳቸዋል። ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር ቁሙ። ዓይን ገልጦ 30 ሰከንድ ሲሞላ ጨፍናችሁ ሞክሩ፤ ቁርጭምጭሚታችሁ ሲንቀጠቀጥ አትደንግጡ፣ እየተማረ ነው።

ሲጋራ የቁስሉን መዳን ያዘገያል፤ ተዉት።

ባታችሁ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ግን የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ልምምዱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ደረታችሁን ከወጋችሁ አንዲት ደቂቃ ሳትቆዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል።