የአእምሮ ጤና ቀውስ ማእከል ውስጥ ሴፍቲ ኦፊሰር ሆናችሁ ልትሰሩ ከሆነ

ብዙ ሰው እዚ ስራ ላይ የሚመጣው ከጥበቃ ነው፣ ባንክ ወይ ሱፐርማርኬት ሲጠብቅ ቆይቶ የለመደውን ይዞ ይገባል፣ ቶሎ ድረስ፣ ቶሎ ያዝ፣ ቶሎ አስወጣ። እዚ ግን እሱ አይሰራም። የመጣው ሰው ሌባ አይደለም፣ ምናልባት በህይወቱ ከባዱ ቀን ላይ ያለ ሰው ነው፣ የምትጠብቁትም ንብረት ሳይሆን እሱን ራሱን ነው። አንድ ነገር ብቻ ምከር ብባል አትቸኩሉ ነው የምለው። እኔ ባየሁት ሰው የሚጎዳው፣ ትንሽ ቢታገሱት ሊበርድ የነበረ ነገር ውስጥ አንዱ ዘሎ ሲገባ ነው።

ሺፍት ስትረከቡ "ሁሉም ሰላም ነው" የሚል ርክክብ አትቀበሉ። ማን አዲስ ገባ፣ ማን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፣ የማን ቤተሰብ እመጣለሁ ብሎ ቀረ፣ ማን መድሀኒት አልወስድም አለ፣ ማን ከማን ጋር አይስማማም፣ የቅርብ ክትትል የታዘዘለት ማነው፣ እነዚን ጠይቁ። ከተቻለ የነርሶቹ ርክክብ ላይ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ከሰአት የሚፈነዳው ነገር ብዙ ጊዜ ጠዋት እዛ ወሬ ውስጥ አለ። ከዛ ሬድዮና የአላርም በተን ሞክሩ፣ የድንገተኛ እቃዎች የት እንዳሉ በአይናችሁ እዩ፣ ከዛ ወደ ሰዎቹ ሂዱ።

ፍተሻ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰውየው ስለ ቦታው የሚይዘው የመጀመሪያ ስሜት እዛ ነው የሚፈጠረው። ስለት፣ ላይተር፣ ቀበቶ፣ የጫማ ማሰሪያ፣ የቻርጀር ገመድ፣ የራሱ መድሀኒት፣ እነዚ አይገቡም፣ ግልጽ ነው። ግን መጀመሪያ ምን እንደምታደርጉና ለምን እንደሆነ ንገሩት፣ "ይሄን የምናደርገው ለሁሉም ሰው ነው፣ እቃህ ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ ስትወጣ ትረከባለህ" በሉት። ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይፈትሽ። ቀበቶ ወስዳችሁ ሱሪውን በእጁ ይዞ እንዲሄድ አታድርጉ፣ ላስቲክ ያለው ሱሪና ያለማሰሪያ የሚደረግ ጫማ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ስልኩን ከመቆለፋችሁ በፊት ደሞ የሚፈልጋቸውን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይገልብጥ፣ ማታ እናቱ ጋር መደወል ፈልጎ ቁጥሯን በቃሉ የማያውቅ ሰው ሲጨነቅ አይቻለሁ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚፈልገው። እቃውን ሁለት ሰው ሆናችሁ መዝግቡ፣ እሱም ይፈርም።

ራውንድ፣ ማለትም ሰዎቹን እየዞሩ ማየት። በብዙ ማእከል ቢያንስ በየ15 ደቂቃው እያንዳንዱ ሰው ይታያል፣ ከፍተኛ ስጋት ያለበት ደሞ አንድ ሰው ተመድቦለት ከአይን አይጠፋም። ዋናው ነገር ልክ 15 ደቂቃ እየቆጠራችሁ በአንድ መስመር አትዙሩ፣ አንዴ በ9 አንዴ በ13 ደቂቃ፣ አንዴ ከዚ ጫፍ አንዴ ከዛኛው ጀምሩ፣ ምክንያቱም ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ሰው ሰአታችሁን ሊያጠና ይችላል። የተኛውን ሰው ብርድ ልብሱን አይታችሁ አትለፉ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እስክታዩ ቁሙ። የራውንዱን መመዝገቢያ ፎርም አስቀድሞ መሙላት የሚባለው ልማድ ደሞ ሰው የሚያስገድል ነገር ነው፣ ያላያችሁትን አትጻፉ። ሺፍት የሚቀየርበትና ምግብ የሚቀርብበት ሰአት ላይ ሁሉም ሌላ ነገር ስለሚይዝ እናንተ ያኔ ኮሪደሩ ላይ ሁኑ።

የአለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከ720 ሺህ በላይ ሰው ራሱን አጥፍቷል። ስለዚ ይሄን ጥያቄ መፍራት አይቻልም። "ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሀሳቡን ሰው ውስጥ አይከትም፣ ይሄ በጥናት የታየ ነገር ነው፣ እንዲያውም ብዙ ሰው የሚጠይቀው አጥቶ ነው ዝም ያለው። አዎ ካላችሁ ብቻውን ሳትተዉት ለነርሷ ንገሩ፣ ለማንም አልናገርም ብላችሁ ቃል አትግቡ። ለቀናት ተስፋ ቆርጦ የነበረ ሰው ድንገት ዘና ብሎ እቃውን ማደል ከጀመረም ተሻለው ብላችሁ አትለፉት፣ ወዲያው ንገሩ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሰው ሲቆጣ። እንበል አንድ ሰውዬ መውጫው በር ጋር ቆሞ በሩን በእግሩ እየመታ ክፈቱልኝ እያለ ይጮሃል። አትሩጡ፣ እየተራመዳችሁ ሂዱ። ከሁለት ክንድ ርቀት በላይ ቁሙ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብላችሁ፣ እጃችሁ የሚታይና የተከፈተ ይሁን፣ እሱንም ግድግዳ ላይ አታጣብቁት፣ የእናንተም መውጫ አይዘጋ። የሚያወራው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሌላው ሌሎቹን ታካሚዎች ከአካባቢው ያርቅ። ሶስት ሰው በአንዴ "ተረጋጋ ተረጋጋ" ሲለው ማንም አይረጋጋም፣ እንደውም ተረጋጋ የምትለዋን ቃል ብትተዋት ይሻላል።

ስማችሁን ንገሩት፣ በአጭሩ፣ ድምጻችሁ ከሱ ዝቅ ብሎ፦ "ወንድሜ፣ መውጣት እንደፈለክ ገብቶኛል። ምን ሆነህ ነው?" ከዛ ዝም። ዝምታው ይከብዳል ግን አትሙሉት፣ የተረበሸ አእምሮ አንድ አረፍተ ነገር ለመስማትም ጊዜ ይፈልጋል፣ ሁለቴ ሶስቴ መድገምም ሊኖርባችሁ ይችላል። ትንሽ ቆይቶ "ልጄ ትምህርት ቤት ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ማንም አይሰማኝም" ይላል። አያችሁ፣ የፈለገው በሩን ሳይሆን ስልክ ነው። "የማንም አባት ይጨነቃል። በሩን መክፈት አልችልም፣ ግን አሁን እንደውል፣ እዚ ወንበር ላይ ሆነህ ትደውላለህ ወይስ ነርሷ ቢሮ?" የማትችሉትን በግልጽ ተናገሩ፣ የምትችሉትን ሁለት ምርጫ አድርጋችሁ ስጡ፣ ያላችሁትን ደሞ እዛው ፈጽሙ። አስደውልሃለሁ ብላችሁ ከረሳችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ኦፊሰር ነው ዋጋውን የሚከፍለው። ይሄ ከራሴ ያመጣሁት አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የድንገተኛ አእምሮ ህክምና ባለሙያዎች ፕሮጀክት ቤታ ብለው ያወጡት መመሪያም ከርቀቱ ጀምሮ ይሄንኑ ነው የሚለው።

ድምጽ የሚሰማው ወይ ይከታተሉኛል የሚል ሰው ከሆነ አትከራከሩት፣ አዎ እኔም አየኋቸው ብላችሁም አትዋሹት። "እኔ አይሰማኝም፣ ግን አንተ እየሰማህ እንደሆነ አምናለሁ፣ ያስፈራል አይደል?" ይበቃል። ሬድዮአችሁን ቀንሱ፣ አጠገቡ ቆማችሁ አትንሾካሾኩ።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ የሚረብሽ ሰው ሁሉ የአእምሮ ህመም ይዞት ነው ማለት አይደለም። ስኳር የወረደበት፣ ጭንቅላቱን የተመታ፣ ከባድ ኢንፌክሽን ያለበት፣ መጠጥ ካቆመ ሁለት ሶስት ቀን የሆነው ሰው ግራ ሊጋባና ሊቆጣ ይችላል። ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የት እንዳለ አለማወቅ፣ ትኩሳት ካያችሁ ጉዳዩ የሀኪም ነው፣ ወዲያው ሀኪም አስጠሩ፣ አትጠብቁ።

በጉልበት መያዝ የመጨረሻው ነገር ነው፣ እሱም ሰው አሁን ሊጎዳ ሲል ብቻ። ስለተሳደበ፣ ትእዛዝ ስላልሰማ፣ እቃ ስለወረወረ አይደለም። የሚመራው የህክምና ባለሙያው ነው፣ አንድ ሰው ደሞ ጭንቅላቱ ጋር ሆኖ ምንም ሳይይዝ ፊቱን፣ አተነፋፈሱንና የቆዳውን ቀለም ብቻ ይከታተላል። በሆዱ አታስተኙት፣ ጀርባው፣ አንገቱና ደረቱ ላይ ክብደት አይረፍ። "መተንፈስ አልቻልኩም" ካለ ልቀቁ፣ "ካወራማ እየተነፈሰ ነው" የሚለው አባባል ውሸት ነው፣ ሰው እያወራ ሊታፈን ይችላል። ድንገት ዝም ካለም ተረጋጋ ማለት ላይሆን ይችላል፣ ትንፋሹን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሃርትፎርድ ኩራንት የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ በአስር አመት ውስጥ በዚ አይነት አያያዝ የሞቱ 142 ሰዎችን ቆጥሮ አውጥቷል፣ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2018 የአእምሮ ጤና ክፍሎች ውስጥ ሀይል መጠቀምን የሚገድብ ህግ ያወጣችው ሰው ከሞተባት በኋላ ነው።

ደሞ ሀይል እንዲቀንስ ማድረግ ይቻላል። ሴፍዋርድስ የሚባለው አሰራር እንግሊዝ ውስጥ በ31 የአእምሮ ህክምና ክፍሎች ላይ በተደረገ ሙከራ ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት ግጭት በ15 ከመቶ፣ በጉልበት መያዝና ለብቻ ክፍል ውስጥ ማግለልን የመሰለው እርምጃ ደሞ በ26 ከመቶ ቀንሷል። ያደረጉት ቀላል ነገር ነው፣ የሚጠበቀውን ነገር በጋራ መስማማት፣ ክፉ ዜና የሚሰማ ሰው ሲኖር ቀድሞ አጠገቡ መሆን፣ በርክክብ ላይ ስለ ታካሚው ጥሩ ነገርም መናገር።

ሪፖርት ስትጽፉ ያያችሁትን ጻፉ። "ታካሚው ሀይለኛ ነበር" ምንም አይነግርም። "8፡40 ላይ በሩን አራት ጊዜ በእግሩ መታ፣ ስለ ልጁ ጠየቀ፣ ስልክ ሲሰጠው ተቀመጠ፣ ማንም አልተነካም" ይሄ ነው ሪፖርት፣ ቀጣዩ ሺፍትም ምን እንደሚሰራ ያውቃል። ሰው ከተያዘ በኋላ ደሞ ቡድኑ ቁጭ ብሎ ያውራበት፣ ታካሚውም ሲረጋጋ ምን ቢደረግልህ ይሻል ነበር ተብሎ ይጠየቅ፣ በማግስቱ እናንተው ሄዳችሁ ሰላም በሉት።

ስራውን ከመቀበላችሁ በፊት ግን ቀጣሪውን ጠይቁ። የማረጋጋት ስልጠናው ስንት ቀን ነው፣ በተግባር ልምምድ አለው ወይ፣ ሲፒአር (ልቡና ትንፋሹ ለቆመ ሰው የሚሰጥ እርዳታ) ታሰለጥናላችሁ ወይ፣ ሌሊት ስንት ሰው ነው ያለው፣ ጉልበት እንድንጠቀም ማን ነው የሚያዘው፣ ከከባድ ነገር በኋላ ለሰራተኛው የሚያወራው ሰው አለ ወይ። "እየሰራችሁ ትለምዱታላችሁ" ካሏችሁ ስልጠናው እስኪሰጣችሁ ድረስ ብቻችሁን ሺፍት አትግቡ።